ሁለት ኪቦርድ በአንድ ነደባ

ሰኞ

ለባለቤቴ ለታደሰ እንዳትነግሩብኝ እንጂ፣ ኮምፒውተሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ትናንት ከሰዓት እሱ ለቅሶ ቤት ሄዶ ሳለ ነው። ያ ስክሪኑ ጥግ ላይ ብቅ እያለ «አፕዴት አለ፣ ይጫን?» የሚለውን ነገር ለወራት «በኋላ» እያልኩ ስሸኘው ከርሜያለሁ። ትናንት ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ዛሬስ ልገላግልህ አልኩት። ወጡን አውጥቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ መነጽሬን አድርጌ ተቀመጥኩ። የይለፍ ቃል ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። ከዚያ አንድ ገጽ ሙሉ እንግሊዝኛ ዘረገፈና መጨረሻው ላይ «ልቀጥል?» አለኝ።

እኔ ደግሞ አስተዳደጌ ሆኖ በትሕትና የጠየቀኝን እምቢ ማለት አልችልም። ሸዋ በር ገበያ ላይ «ኪሎ ላድርግልሽ?» ሲሉኝ፣ ግማሽ ልገዛ የወጣሁት ሴትዮ ኪሎ ተሸክሜ ነው የምመለሰው። እሺ አልኩት። ከዘረገፈው ውስጥ አንድ መስመር እንኳ አላነበብኩም።

ለውዝ እየፈለፈልኩ አየው ነበር። ቁጥሩ እየጨመረ፣ መስመሩ እየተከታተለ ጥሩ ሲሄድ ቆየና ግማሽ ላይ ቆመ። አንድ ቀይ መስመር ጻፈ፣ ከዚያ ዝም። አጥፍቼ አበራሁት። ፎቶው ይከፈታል፣ ዘፈኑ ይዘፍናል። አማርኛ ግን የለም። «ሰላም» ብዬ ብጽፍ የሚወጣው የፈረንጅ ፊደል ነው። ለወትሮው በኮምፒውተር ጽፌ የምልክላችሁን ይህን ጽሑፍ ዛሬ የምጽፍላችሁ በእስክሪብቶ ነው፤ ጣቴ ከአሁኑ ቀለም ሆኗል።

ለማታውቁት፣ የኛ ኮምፒውተር የሚሠራው በሊኑክስ ነው። ድሮ የነበረበት ሥርዓት በቫይረስ ተበልቶ መንቀሳቀስ ሲያቅተው ነጃት ናት የቀየረችልን። ነጃት የታደሰ የድሮ ተማሪ ናት፤ ዛሬ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ታስተምራለች፣ ከሐረር ግንብ ውስጥ፣ ጁገል፣ ተድራ እዚያው ትኖራለች። እሷ እንዳስረዳችኝ በሊኑክስ ሁሉ ነገር የሚመጣው ፓኬጅ እየሆነ ነው። የፊደሉ ለብቻው፣ የድምፁ ለብቻው፣ የፎቶው ለብቻው። አንዱ አንዱን ተደግፎ ነው የሚቆመው። አንዱ ሲነቃነቅ ጎረቤቱም ይነቃነቃል።

ይህ ሁሉ በሌላ ሳምንት ቢሆን እስቅ ነበር። በዚህ ሳምንት ግን አያስቅም፣ ምክንያቱም ቅዳሜ አለች።

ታደሰ ዕድሜውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከቤታችን ይነሣና በፈረስ መጋላ አደባባይ አድርጎ ኤረር በር ይደርሳል፣ ይመለሳል። ምን አየህ ስለው «ሰው» ይለኛል። ከዚያ ቁጭ። አንድ ቀን በረንዳው ላይ ብቻውን «እስቲ ካርታውን አውጡ» ሲል ሰምቼው እንዳልሰማሁ ሆኜ ወደ ጓዳ ገብቻለሁ።

ባለፈው ወር የጡረተኞች ማኅበር መጥተው አባሎቻችንን አማርኛ በኮምፒውተር መጻፍ አስተምርልን አሉት። የመጀመሪያው ክፍል ቅዳሜ ነው። ፕሮጀክተሩ የውሰት ነው፣ ለዚያች ቀን ብቻ የተገኘ። ኮምፒውተሩ ደግሞ የኛው ነው። ሊቀመንበሩ በጨዋ አፋቸው፣ ቅዳሜ ካልሆነ አዳራሹን ለሌላ ጉዳይ የሚፈልጉት አሉ ብለውናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውዬው ሌላ ሰው ሆኗል። ኮቱን ላውንደሪ ሰጠ። ጠመኔ ገዛ። አዳራሹ ጥቁር ሰሌዳ የለውም ስለው «ይኑረኝ» አለኝ።

ደግነቱ በዚህ ሳምንት ኮምፒውተሩን ብዙ አይነካውም። ጓዳ ውስጥ ትልቅ ካርቶን ዘርግቶ ኪቦርድ እየሳለ ነው፣ እያንዳንዱን ቁልፍ በማርከር፣ ከኋላ የሚቀመጡት እንዲያዩት። ልይ ብዬ ብቅ ስል በክንዱ ይሸፍነዋል። «ገና ነው» ይላል፣ ልክ ፈተና እንደሚያወጣ መምህር።

እስከ ቅዳሜ ሳይሰማ ላስተካክለው ወስኛለሁ። እንግዲህ ጸልዩልኝ።


ማክሰኞ

እስከ አሁን የሞከርኩት፦

ማጥፋትና ማብራት። ባትሪውን ነቅሎ መመለስ። እሑድ የጠየቀኝን ዛሬ ደግሞ ቢጠይቀኝ ብዬ አፕዴቱን እንደገና ማስጀመር፤ «መጀመሪያ የተሰበረውን ጠግኚ» አለኝ። የተሰበረውን ጠግን የሚለውን ትእዛዝ ከስልኬ ላይ እያየሁ ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁሩ መስኮት ውስጥ መጻፍ፤ ሞከረ፣ እዚያው ቀይ መስመር ላይ ደርሶ ቆመ። ማባበል። መሳደብ።

ማታ ላይ ታደሰ «ዛሬ ጽሑፍሽን አልላክሽም?» አለኝ። ኔትወርኩ ነው አልኩት። ኔትወርክ ምስኪን ስንቱን ትሸከማለች።

አሁን ስለ ኪቦርዶቹ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ጠቡ ያለው እዚያ ነው። እኔና ታደሰ በትዳራችን ያልተስማማንበት ነገር ቢኖር የአማርኛ ኪቦርድ ነው። የኔ በድምፅ የሚሄደው ነው፤ በስልካችሁ እንደምትጽፉት፣ ድምፁን በፈረንጅ ፊደል ስትነኩት አማርኛው ይወጣል። የሱ በድሮው ታይፕራይተር አቀማመጥ የተሠራ ነው፤ ፊደሉ ሁሉ የየራሱ ቁልፍ አለው። ወጣት መምህር ሳለ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ታይፕ እንዳስተማረችው ይናገራል፤ ስለ ጸሐፊዋ ከዚህ በላይ አልጠየቅኩም። የኔን «አማርኛን በፈረንጅ በር ማስገባት» ይለዋል። እኔ ደግሞ የሱን ሙዚየም እለዋለሁ።

ሁለቱም ከሊኑክሱ ጋር የመጡ አይደሉም፣ ከውጭ አውርደን የጫንናቸው ናቸው። እስከ እሑድ ድረስ ግን ተቻችለው ይኖሩ ነበር። እኔ ስጽፍ የኔን አደርጋለሁ፣ እሱ የሱን። አንድ ደስ የሚለኝ ነገር፣ ሰሞኑን ከሱ ተቀብዬ ስከፍተው ሁልጊዜ የኔ ላይ ሆኖ ነው የማገኘው። ሲጨርስ ወደኔ መልሶልኝ ይነሣል። ባል ማለት እንዲህ ነው፤ ሌሎቻችሁ የሽንት ቤት መብራት የሚያጠፋ አጥታችሁ።

ስልኬ ላይ ስፈልግ አንድ ሰው «በግድ» የሚል ቃል ያለበት ትእዛዝ ጽፎ አገኘሁ። ከሥሩ ብዙ ሰው አመስግኖታል። ገለበጥኩት። ጥቁሩ መስኮት ውስጥ አስገባሁት። ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ቆየሁና አነሣሁት። እሑድ ያላነበብኩት ይበቃኛል። ነገ ነጃት ጋ።


ረቡዕ

ኮምፒውተሩን በዘንቢል፣ ከላዩ ነጠላ ደርቤበት ወጣሁ። ታደሰ በረንዳው ላይ ጫማ እየቀባ ነበር። ነጃት ጋ ኔትወርክ ይሻላል አልኩት። «ዘንቢሉ ውስጥ ምን አለ?» ሳይለኝ አየኝና «ሰላም በያት» አለኝ።

ጁገል ገብታችሁ የሐረሪ ቤት ያላያችሁ ካላችሁ፣ ከበሩ ስትገቡ ፊት ለፊታችሁ የምታገኙት ወንበር ሳይሆን ነደባ ነው። እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ ብሎ የተሠራ፣ ምንጣፍ የለበሰ መደብ ነው። አንድ ቤት ውስጥ በርከት ያለ ነደባ አለ፣ እያንዳንዱም ባለቤት አለው። የአባወራው አለ፣ የትልልቆቹ አለ፣ የትንንሾቹ አለ፣ ከበሩ ጀርባ ያለውም የራሱ ሰው አለው። እንግዳ ሲገባ የት እንደሚቀመጥ ማንም አይነግረውም፤ ያውቀዋል። እኔ ስንት ዘመን እየገባሁ አሁንም የነጃትን አማት፣ አይ ሰኢዳን፣ በዓይኔ ጠይቄ ነው የምቀመጠው። አይ ማለት በነሱ እናት ማለት ነው። በአገጫቸው ጠቆም አደረጉልኝ፣ ተቀመጥኩ።

ጾም መሆኑን ያውቃሉና ነጃት ለውዝና ሻይ አቀረበችልኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ሳቋን ለመያዝ ሻሿን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፍታ፣ ቀዩን መስመር አውጥታ፣ «ያንብቡልኝ» አለችኝ።

«አንቺ አንብቢው እንጂ።»

«እርስዎ ነዎት እሺ ያሉት፣ እትዬ ብርቄ። እርስዎ ያንብቡት።»

የታደሰ ተማሪ መሆኗ ያስታውቃል። አነበብኩት። እንደፈራሁት አልነበረም፤ ቀስ ብለው ሲያነቡት የሰው ንግግር ነው። አዲሱ የፊደል መሠረት የሚባለው ፓኬጅ፣ ሁሉም ኪቦርድ የሚደገፍበት ማለት ነው፣ አንድ ፋይል ሊያስቀምጥ ቦታው ጋ ሲደርስ በዚያው ስም የታደሰ ኪቦርድ ቀድሞ ተቀምጦበታል። ሁለት ሆነው አይቀመጡም። ስለዚህ አዲሱ እንደቆመ ቀረ፣ አሮጌውም መሠረት ግማሹ ወጥቷል፣ በመሀል አማርኛ ከሁለት ያጣ ሆነ።

በዚህ መሀል በትልቁ ነደባ ላይ ተቀምጦ ከአይ ሰኢዳ ጋር የሚጨዋወት አንድ የጎረቤት ሰው ነበር። በሩ ተንኳኳና አንድ ሽማግሌ፣ የነጃት ሟች አማት ወንድም፣ «አሰላሙ ዓለይኩም» ብለው ገቡ። ሰውዬው ማንም ምንም ሳይለው ተነሣ፣ ሽማግሌው እዚያ ተቀመጡ፣ እሱ ወደ ትንሹ ነደባ ወረደና ጨዋታውን ካቆመበት ቀጠለ። ነጃት በጉልበቷ ነካ አደረገችኝ።

እኔም ያን በስልኬ ያገኘሁትን «በግድ» አሳየኋት።

«ይሄን ቢጫኑት ወላሂ ይሠራል» አለች። «አዲሱ ገብቶ የተቀመጠውን በክርኑ ገፍቶ ቁጭ ይላል። ቅዳሜ ያልፋል። ከዚያ ሌላ ቀን፣ ሌላ አፕዴት ሲመጣ አንዱ ጋ ይሰበርና የቱ ጋ እንደሆነ እኔም አላገኘውም። ኧረ አቦ፣ አሁን ሼኹ ሲገቡ ገፍተው ነው የተቀመጡት?»

«ታዲያ ማን ያስነሣው?»

«የቤቱ ባለቤት ነዋ።»

የታደሰ ኪቦርድ ከወጣ ሁሉም ነገር ይቃናል ማለቷ ነው። የኔ ኪቦርድ ሠሪዎቹ ለአዲሱ መሠረት የሚሆን አዲስ ቅጂ አውጥተዋል። የሱን የሠራው ሰው ግን ትቶታል። ያወረድንበት ድረ ገጽ ራሱ ዛሬ የለም። ከወጣ አይመለስም። ለቅዳሜ ሦስት ቀን ሲቀረው «ጣትህ የለመደውን ጣልኩብህ» ልበለው? ለሱ ያ ኪቦርድ ኪቦርድ ብቻ አይደለም። ሰዎች ፊት ቆሞ እጁ ሲደናበር አሰብኩና የለውዙን ሳህን ገፋ አደረግኩት።

አይ ሰኢዳ ስለ ኮምፒውተር ምንም ሳያውቁ ፊቴን ብቻ አይተው «ንገሪው፣ ልጄ» አሉኝ። ምኑን እንደሆነ አልጠየቁም።

ስወጣ ነጃት አንድ አጭር ትእዛዝ ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችኝ። «ከመንገርዎ በፊት ይሄን ቤት ገብተው ያስጀምሩት» አለች። ምንድነው ብላት «ያዩታል» አለችና በሩን ዘጋችብኝ።


ሐሙስ

ልነግረው አልቻልኩም። ጠዋት ኮቱ ከላውንደሪ መጣ። መስታወት ፊት ለብሶት ቆሞ «እንደምን አደራችሁ ተማሪዎች» አለ፣ ከዚያ «አይ፣ ተማሪዎች አይባልም፣ ትልልቅ ሰዎች ናቸው» አለ፣ ከዚያ እንደገና። አፌን ከፍቼ «ክራባቱስ?» ብቻ አልኩት።

እሱ ማርከር አለቀብኝ ብሎ ወደ ፈረስ መጋላ ሲሄድ የነጃትን ወረቀት አውጥቼ ጻፍኩት። ጥቁሩ መስኮት ሁለት መስመር ሰጠኝ፣ ሁለት የፓኬጅ ስም ብቻ። የተቆለፉት እነዚህ ናቸው፣ ማለት «አፕዴት ሲመጣ እነዚህን አትንኩ» የተባለባቸው።

የመጀመሪያው የታደሰ ኪቦርድ ነው። ይህን አውቀዋለሁ፣ እኔ ነኝ ያስቆለፍኩት። አምና አንድ አፕዴት ኪቦርዱን አጥፍቶበት ሳምንት ሙሉ ሲያኮርፍ ነጃትን ለምኜ እንደገና ካስጫንኩ በኋላ፣ ሁለተኛ እንዳይነካበት ብዬ አስቆለፍኩ። ለሱ አልነገርኩትም። ሙዚየም እያልኩ የምስቅበትን ነገር እንደጠበቅኩለት ቢያውቅ መሳለቂያ ያደርገኛል ብዬ።

ሁለተኛው የኔ ነው። የኔ ኪቦርድ። እኔ ደግሞ የኔን ቆልፌ አላውቅም።

ለነጃት ደወልኩላት። አንቺ ነሽ ብላት፣ አይደለሁም አለች። ከዚያ ሳቀችና ተናገረች። አምና ቲቸር፣ ታደሰን ዛሬም የምትጠራው እንዲህ ነው፣ ፈረስ መጋላ አግኝተዋት የብርቄ ፊደል እንደኔው እንዳይነካባት ምን ላድርግ ብለው ጠይቀዋታል። አሳየቻቸው። እንዳትነግሪያት አሏት። እኔም በዚያው ሰሞን ያንኑ ለምኜ፣ ያንኑ አስምዬያት ነበር። ዓመት ሙሉ ሁለት ምስጢር በአንድ ሆድ ይዛ ስትኖር ሆዷን ሳይቆርጣት ቀርቷል።

ስልኩን ዘጋሁ። ይህ ሁሉ ጊዜ አንዳችን ያንዳችንን በር ከውጭ ስንዘጋ ነበር። «አማርኛን በፈረንጅ በር ማስገባት» እያለ የሚያሾፍብኝ ሰው።

ነገ እነግረዋለሁ። ይህን በቀለም ጽፌዋለሁና ወደኋላ የለም።


ዓርብ

ነገርኩት።

ቁርስ ላይ ነው፣ ፉሉን እየበላን። ከእሑድ ጀምሬ፣ ለውዙንም ቀዩንም መስመር ሳላስቀር ዘረገፍኩት። አላቋረጠኝም። ዳቦውን አስቀመጠ፣ እጁን ጠረገ።

«እኔ እኮ ማክሰኞ ነው ያወቅኩት» አለ። «ጣትሽ ላይ ቀለም አየሁ። አንቺ የሽንኩርት መግዣ እንኳ በእስክሪብቶ ጽፈሽ አታውቂም።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅከኝም?»

«እስክትነግሪኝ ነዋ።»

ከዚያ ነጃት ያለችውን፣ ነደባውን፣ አዲሱ እንደቆመ መሆኑን ነገርኩት። አዳመጠና «ተነሥ የተባለው የትኛው ነው?» አለ።

«ያንተው።»

ወደ መስኮቱ አየ። አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን እየነፋ አለፈ። ከዚያ «ይነሣ» አለ።

ይህችን ብቻ። እኔ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ልመና አዘጋጅቼ ነበር፤ ሳልናገረው ቀረ። የኔን ኪቦርድ ማን ቆለፈው ስለው ደግሞ «የኔንስ?» አለኝ። ተያየን። ፉሉ እስኪቀዘቅዝ ሳቅን። ከሳቃችን መሀል ዓይኑን ሲጠርግ አይቼዋለሁ፣ እሱ ግን ሚጥሚጣው ነው ይላል።

ነጃት ከጁምዓ በኋላ መጣች። ግን አልነካችውም። ወንበር ስባ ከኋላችን ተቀመጠችና «እናንተ ሥሩ» አለች። እንዲህ ሆነ፦ የሱን ቁልፍ ፈታን። እንዲወጣ አዘዝን። ማሽኑ ያን ረጅም እንግሊዝኛውን ዘረገፈ። ታደሰ መነጽሩን አስተካክሎ እንደ ፈተና ወረቀት ከላይ እስከ ታች ጮክ ብሎ አነበበው። እዚያ መሀል «የሚወገድ፦ አንድ» ይላል፣ ሥሩ የኪቦርዱ ስም አለ። «ልቀጥል?» ሲል እኔ እጄን ሰበሰብኩ። እሱ ራሱ እሺ አለው።

ከዚያ የተሰበረውን ጠግን አልነው። እሑድ የቆመበት ግማሽ ጋ ሲደርስ ሦስታችንም ትንፋሻችንን ያዝን። አለፈ። ነጃት «አልሐምዱሊላህ፣ ቀሽት!» አለች። የኔን ቁልፍ ፈታን፣ አዲሱ ቅጂ ገባ፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በራ።

«ሞክሪው» አለኝ ታደሰ። ስሙን ጻፍኩ። በአማርኛ ወጣ። ፊደል አይቼ እንዲህ ደስ ያለኝ አንደኛ ክፍል ነው።

ነጃት ስትሄድ ግን ጭንቀቴ ተመለሰ። ነገ ሰው ፊት የሚቆመው በማያውቀው ኪቦርድ ነው። ና ዛሬ ላለማምድህ፣ ዋና ዋናዎቹን ብቻ፣ አልኩት። «ይደርሳል» ብሎ ጓዳ ገባና በሩን መለስ አደረገው። ካርቶኑን እንደገና ሊስል ነው ብዬ አዘንኩ። ከሰኞ ጀምሮ የለፋበት ሁሉ የዚያ የወጣው ኪቦርድ ሥዕል ነውና። የማርከር ድምፅ ግን አልሰማሁም።


ቅዳሜ

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ወንበር ያልደረሳቸው ሁለት ሦስት ሴቶች በመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊት፣ ልክ ፕሮጀክተሩ ሥር፣ ሻምበል ግርማ የሚባሉ ጡረተኛ ደብተራቸውን በእስክሪብቶ አስምረው ጨርሰዋል። እኔ ከኋላ ጥግ ይዤ፣ መሀረቤን በጣቴ እየጠመዘዝኩ።

ታደሰ ኮቱን ለብሶ ቆመ። «እንደምን አደራችሁ» አለ፣ «ተማሪዎች» የሚለውን ዋጠው። ከዚያ ግድግዳው ላይ አስደግፎት የነበረውን ካርቶን ገለበጠው።

የኔ ነው። የኔ ኪቦርድ። እያንዳንዱ ቁልፍ በሰማያዊ፣ አማርኛው በቀይ፣ ከኋላ ጥግ ሆኜ እንኳ «ጨ»ን ማንበብ እችላለሁ። ይህ በአንድ ማታ የሚሣል ነገር አይደለም። ሰኞም ይህንኑ ነበር በክንዱ የሚሸፍንብኝ።

«ይሄ ባለቤቴ የምትጽፍበት ነው» አላቸው። «እኔ ለዓመታት ሳሾፍበት ኖሬያለሁ። እናንተ ግን በስልካችሁ ለልጅ ልጆቻችሁ የምትጽፉት በዚህ ነው፣ ግማሹን ታውቁታላችሁ ማለት ነው። እኔም ማኅበሩ ከጠየቀኝ ወዲህ ተለማምጄዋለሁ፣ እሷ ገበያ ስትሄድ።»

ሰዉ ወደ ኋላ ዞሮ አየኝ። የምገባበት አጣሁ፤ ደስ ብሎኝ ግን ነው። እንግዲህ ኮምፒውተሩን ስከፍተው ሁልጊዜ የኔ ላይ የማገኘው ሲጨርስ ስለሚመልስልኝ አልነበረም፤ እሱም በኔው እየጻፈ ነበር። ማክሰኞ መልካም ባል አለኝ ብዬ ያስቀናኋችሁ በተሳሳተ ምክንያት ነው፤ ቅናቱን ግን አልመልስም።

ከዚያ ቁጭ ብሎ ጻፈ። ቀስ ይላል፣ ግን አይደናበርም። ግድግዳው ላይ «ሐረር» የሚል ወጣ። አዳራሹ አጨበጨበ። ጀርባው ሲቃና አየሁት፣ ያ ክፍል ውስጥ ሲገባ የነበረው ጀርባው። አንዷ ጡረተኛ ነርስ ተነሥተው ስማቸውን ጻፉ፣ አንድ ፊደል ተሳሳቱ፣ እሱም ያን የድሮ «ጎሽ፣ ደግመው ይዩት» አለ። ከጥግ ሆኜ አፍንጫዬን ተናፈጥኩ። ጉንፋን ነው አልኩ አጠገቤ ላለችው።

ጥሩ እየሄደ ሳለ፣ ግድግዳው ላይ፣ ያን ሁሉ ሰው ፊት፣ ጥጉ ላይ ያ መስኮት ብቅ አለ። አፕዴት አለ፣ ይጫን?

ልቤ ቀጥ አለች። ሻምበል ግርማ እስክሪብቷቸውን አንሥተው «መምህር፣ እሺ ይበሉትና እንቀጥል» አሉ።

ታደሰ ወደኔ አየ። ፈገግ አለ።

«ሻምበል፣ መጀመሪያ እናንብበው» አለ።

የመጀመሪያውን መስመር ሁላቸውም በአንድ ድምፅ አነበቡ። ምን ማለት እንደሆነ ክርክር ተነሣ። ነርሷ አንድ ነገር አሉ፣ ሻምበል ሌላ። ሁለተኛው መስመር ላይ ሳይደርሱ ሰዓቱ አለቀ። ሊቀመንበሩ ገብተው ቢያዩ የሚወጣ ሰው የለም፤ አዳራሹ በየቅዳሜው የናንተ ነው ብለውን ሄዱ። ፕሮጀክተሩ ግን ዛሬውኑ ለባለቤቱ ተመለሰ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ሁሉም በኛ ትንሽ ስክሪን ዙሪያ ሊሰበሰቡ ነው።

ስንመለስ በፈረስ መጋላ በኩል አደረግን። ሳንቡሳ ገዛልኝ። ያ የወጣው ኪቦርድህ አላሳዘነህም ብዬ ጠየቅኩት። ትንሽ ሄደና «አሳዝኖኛል» አለ። ሳንቡሳዬን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ሰጠሁት።

ይህን መጨረሻውን የምጽፍላችሁ በኮምፒውተሩ ነው። ቀለሙ ከጣቴ ገና አልለቀቀም። ያ መስኮት ጥጉ ላይ አሁንም ተቀምጧል። ታደሰ ለብቻዬ እንዳልነካው አስምሎኛል፤ ቅዳሜ ከነሻምበል ጋር እስከ መጨረሻው መስመር ተነብቦ፣ ከዚያ ነው እሺም እምቢም የሚባለው። የቱን እንዳልነው፣ ቢሰበርም ባይሰበርም፣ ከኔው አፍ ትሰሙታላችሁ። በእስክሪብቶ ተጽፎ ከደረሳችሁ ግን ሳላነብ እሺ ብያለሁ ማለት ነውና ለታደሰ እንዳትነግሩብኝ።